መቶ መስክ

ከዕቃዎቼ መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የተማሪ ደብተር አለ። ቤት በቀየርሁ ቁጥር ብዙ ነገር ጥያለሁ፤ እርሱን መጣል ግን አልሆነልኝም። አብዛኞቹ ገጾቹ በእርሳስ የተሠመሩ ሰንጠረዦች ናቸው፦ ተራ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የምርመራ ዓይነት፣ ውጤት። በኅዳር ወር 1993 ዓ.ም. ከተጻፉት ገጾች በአንዱ፣ በሃያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በራሴ እጅ የሰፈሩ ሁለት ቃላት ይገኛሉ፦ «ምንም አልታየም»። ይህ ጽሑፍ ስለ እነዚያ ሁለት ቃላት ነው።

ያን ጊዜ በጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ የላቦራቶሪ ተማሪ ነበርሁ። ዕድሜዬ ሃያ አንድ፤ የማውቀው ጥቂት፤ አውቃለሁ ብዬ የማስበው ግን ብዙ። ማይክሮስኮፕን የወደድሁት ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ነው። ትምህርት በሌለበት ሰዓት አምስት ስድስት ሆነን ከአንገረብና ከቀሃ ወንዝ በጠርሙስ ውኃ እየቀዳን እናመጣለን። ጠብታዋን በመስተዋቷ ላይ አሳርፈን በሌንሱ ስንመለከት፣ ጥርት ያለ የመሰለን ውኃ በሕይወት ሲርመሰመስ እናገኘዋለን። ፈተና የለበትም፤ ነጥብ የለውም። አንዱ «ኑ እዩ!» ብሎ ይጮኻል፤ ሌላው በክርኑ ገፋ አድርጎት ይጎነበሳል። ዛሬ ሳስበው ሳይንስን የተማርሁት በክፍል ውስጥ ነው፤ የወደድሁት ግን በእነዚያ ትርፍ ሰዓታት ነው። ይሁን እንጂ መውደድና ማወቅ ለየቅል መሆናቸውን ለመረዳት ከከተማይቱ መውጣት ነበረብኝ።

ከከተማ የሚያወጣን ሥርዓት ከኮሌጁ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን፣ በደንቢያ ሜዳ፣ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ 7,000 ያህል ሰው ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን በጎንደር ከፈተ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የምንለው የዚያ ተቋም ወራሽ ነው። በዚያን ዘመን በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች ጥቂት፣ እነርሱም አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ኮሌጁ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ግቢ ማሠልጠን ያዘ፤ የላቦራቶሪ ባለሙያም ኋላ ተጨመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ነገ በአንድነት የሚሠሩ ሰዎች ዛሬ በአንድነት ይማሩ፤ የሚማሩትም ሕዝቡ ካለበት ዘንድ ይሁን። ስለሆነም የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች በቡድን እየሆኑ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይላካሉ። እኛ በአጭሩ «ቲም» እንለው ነበር። «ቲም የት ደረሰህ?» መባባል በግቢው ውስጥ የዕጣ ፈንታ ጥያቄ ነበር።

የእኛ ዕጣ ወደ ሰሜን ወጣ።

*

ፍራሻችንን፣ ድስታችንንና የመጻሕፍት ካርቶኖቻችንን በአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ጫንን። ማይክሮስኮፑን ግን ለማንም አላምንም ብዬ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አቀፍሁት። ያኔ መንገዱ ጠጠር ነበር። ከጎንደር ወጥተን በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ሽቅብ ስንወጣ አየሩ እየሳሳ፣ ብርዱ እየጠነከረ፣ የገብሱ ማሳ እየሰፋ ሄደ። ከሩቅ፣ በስተሰሜን፣ የስሜን ተራራ ጫፎች ሰማያዊ ጥላ መስለው ይታዩ ነበር።

የተመደብንባት ጤና ጣቢያ ስሟ ይቅር። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ በስተምሥራቅ አንድ ሰፊ መስኮት። መብራት አልነበረም። ማይክሮስኮፔን ከመስኮቱ ሥር አስቀምጬ ከሥሩ ያለችውን ክብ መስተዋት ወደ ፀሐይ አዞርሁ፤ ብርሃኑ በቱቦው ሽቅብ ወጥቶ ዐይኔን ሞላው። ፀሐይ ካለች እሠራለሁ፤ ደመና ከሆነ እጠብቃለሁ። ኮሌጅ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ተጭኜ የማገኘውን ብርሃን እዚህ እንደ ገበሬው ሰማይ እያየሁ የምለምነው ሆነ።

ስድስት ነበርን። ጠዋት ጠዋት ሕሙማን እንቀበላለን፤ ከሰዓት በኋላ መንደር እንወጣለን። ማታ በኩራዝ ዙሪያ ተቀምጠን የዋለውን እንነጋገራለን። ከመካከላችን የአካባቢ ጤና ተማሪዋ ሥራ ቤት ለቤት እየዞሩ መጸዳጃ መቁጠርና ምንጭ መመርመር ነበር። እኛ ወንዶቹ «ጉድጓድ ቆጣሪዋ» እያልን እንቀልድባት ነበር። እርሷም ትስቅና ጫማዋን አጥልቃ ትወጣለች። የእኔን ሥራ ሳይንስ፣ የእርሷን ግን ድካም ብቻ አድርጌ እቆጥረው እንደነበር አሁን ብናገር አላፍርም፤ ያኔ ግን ሳላፍር አስበው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሐሳብ መጣልን። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ሕዝቡ ከየቀበሌው ይወጣል። ማይክሮስኮፑን ገበያው ዳር ካለው ዋርካ ሥር አውጥተን ለሕዝቡ ብናሳይስ? ደጋው ብርድ ነው፤ ልብስ ቶሎ አይታጠብም፤ ከቅማል የሚተላለፉት ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት በየዓመቱ ሰው ይጥላሉ። ስለ ቅማል መቶ ጊዜ ከመናገር አንድ ጊዜ አጉልቶ ማሳየት ይሻላል አልን። ሐሳቡን ያመነጨሁት እኔ ነበርሁ። ሌሊቱን የምናገረውን ስደጋግም አደርሁ።

*

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ወጣት በእናቱ ተደግፎ ወደ ጤና ጣቢያው መጣ። ጋቢውን እስከ ዐይኑ ተከናንቦ ይንቀጠቀጥ ነበር። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት። የጤና መኮንኑ ጓደኛችን መረመረውና የደም ምርመራ አዘዘ። ጣቱን ወግቼ በአንዲት መስተዋት ላይ ሁለት ነገር አዘጋጀሁ፦ አንዱ ስስ ሆኖ የተዘረጋ ደም፣ ሌላው ሳይዘረጋ የደረቀ ወፍራም ጠብታ።

ልዩነቱን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ስሱ ደም ሕዋሳቱ ጎን ለጎን ተኝተው በየመልካቸው የሚታዩበት ነው፤ የጥገኛውን ዓይነት ለመለየት ይረዳል። ወፍራሙ ጠብታ ግን በጠባብ ቦታ ብዙ ደም የተከማቸበት በመሆኑ፣ ጥቂት ጥገኞች ብቻ ቢኖሩ እንኳ እነርሱን ለማግኘት የተሻለ ዕድል ይሰጣል። በሌንሱ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚታየውን ክብ ቦታ «መስክ» እንለዋለን። ሕጉም ግልጽ ነው፤ ከወፍራሙ ጠብታ መቶ መስክ ሳታይ «ወባ የለም» አትበል። መምህራችን ይህን ሲያስተምሩ ጣታቸውን እያነሡ «ዘጠና ዘጠኝ አይደለም» ይሉ ነበር።

በጊምዛ ቀለም ነከርሁት፤ አጠብሁት፤ አደረቅሁት። በመጀመሪያ ስሱን አየሁ። የምፈልገው በቀይ የደም ሕዋሳት መካከል እንደ ተጠቀለለ ክር የሚታየውን የሚያገረሽ ትኩሳት ተሕዋስ ነበር፤ የደጋ ሰው ሲያተኩሰው በአእምሮዬ የሚመጣው እርሱ ነውና። አላገኘሁትም። ወደ ወፍራሙ ጠብታ ተሻገርሁ። አሥር መስክ፣ ምንም። አሥራ አምስት፣ ምንም። ከውጭ ጓደኞቼ «ገበያው ሞልቷል፤ ፀሐይዋም ጥሩ ናት፤ ማይክሮስኮፑን አምጣ እንጂ!» ብለው ተጣሩ። ሃያ መስክ፣ ምንም። በዚያ ላይ ደግሞ ደጋ ነው፤ ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ በዚህ ከፍታ አትኖርም። ይህንንም ከመጽሐፍ ተምሬዋለሁ።

ደብተሩን ሳብሁና «ምንም አልታየም» ብዬ ጻፍሁ። ለልጁ የትኩሳት ማብረጃ ክኒን ተሰጠው፤ ካልተሻለው ሰኞ እንዲመለስ ተነገረው። እናቱ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው መረቁኝ። እኔም ማይክሮስኮፑን አቅፌ ወደ ገበያ ሮጥሁ።

*

ገበያው እንዳሰብሁት ሆነ። ከአሰብሁትም በላይ። ልጆች ተሰለፉ፤ ሽማግሎች ከዘራቸውን አስቀምጠው ተጎነበሱ። ቅማሏ በሌንሱ ሥር ጥፍራም እግሮቿን ስትዘረጋ ያየ ሁሉ «ኧረ በስመአብ!» እያለ ወደ ኋላ ይሸሻል። አንዲት ሴት አላይም አሉ። «ጠላቴን አሳንሰህ አሳየኝ እንጂ አተልቀህ ምን አደርገዋለሁ?» ሲሉ ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ልብስን በፈላ ውኃ ስለመቀቀል ተናገርሁ፤ ሰሙኝ። የምናገረውን ነገር ሰው ሲሰማኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስታው እንደ ኮረፌ ቀስ ብሎ ራስ ላይ ይወጣል።

በመጨረሻ አንድ መሪጌታ መጡ። ነጭ ጥምጥም፣ አሮጌ በርኖስ። መነጽራቸውን አውልቀው ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ቀና ብለው እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ በዚህ መሣሪያ ያየኸው አለ ትላለህ፤ መልካም። ያላየኸውን ደግሞ የለም ብለህ ትፈርዳለህ?»

«የሌለ ነገርማ እንዴት ይታያል፣ መሪጌታ?» አልኋቸው። በዙሪያው የነበረው ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እርሳቸው አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። መነጽራቸውን አድርገው «እሱስ ነው» ብለው ሄዱ።

*

ሰኞ ያ ልጅ አልመጣም። ተሽሎታል ብለን አሰብን።

ሰኞ ማታ የአካባቢ ጤና ተማሪዋ ከመንደር ዘግይታ ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ እኔ ቀጥታ መጣች።

«ቅዳሜ ደሙን ያየኸው ልጅ፣ ቤቱ ገብቼ ነበር» አለች። «መጸዳጃ ልቆጥር ነው የገባሁት። እናቱ መደብ ላይ አስቀምጠው ኮረፌ ቀዱልኝ። ልጁ በምድጃው ዳር ተኝቶ ይቃዣል። አንተ፣ ያ ልጅ እኮ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ ነበር! ከተመለሰ አሥር ቀኑ ነው። ጠይቀኸው ነበር?»

አልጠየቅሁትም። ማንኛችንም አልጠየቅነውም። ትንኟ ደጋ አትወጣም፤ ሰው ግን ይወርዳል፤ ይወጣልም። በየመኸሩ የደጋ ጎበዝ ማጭዱን ይዞ ወደ መተማና ወደ ሑመራ እንደሚወርድ የማያውቅ የጎንደር ሰው የለም። የአገሬው ሰው ከጥንት ጀምሮ ቆላ ወርዶ ማደርን የሚፈራው በንዳድ ምክንያት መሆኑን አያቴ ሳይቀሩ ያውቁ ነበር። እኔም አውቅ ነበር። ነገር ግን ያ እውቀት በልጅነት ቤቴ የቀረ ነበር፤ ከማይክሮስኮፑ ጋር አላገናኘሁትም።

የተመረመሩትን መስተዋቶች በሣጥን እናስቀምጥ ነበር። ሃያ ሦስተኛውን አወጣሁ። ፀሐይ የለችም፤ እርሷ የእጅ ባትሪ ይዛ ከሥር ወዳለችው ክብ መስተዋት አበራችልኝ። እጇ ሲደክም መስኩ ይጨልማል፤ ስታስተካክል ይበራል። ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርሁ። ሃያ ... ሃያ አንድ። ቅዳሜ የቆምሁበትን ቁጥር ሳልፍ ድምፄ ሲቀየር ለራሴም ተሰማኝ። ሠላሳ። አርባ። በአርባ ሰባተኛው መስክ ላይ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ቀለበት፣ ቀይ ፈርጧን እንደያዘች፣ ተቀምጣለች። በሃምሳ ሁለተኛው ሌላ። በሃምሳ ሦስተኛው ሁለት። ወደ ስሱ ደም ተመልሼ ፈለግሁ፤ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ነበር፤ ገዳዩ ዓይነት።

ቅዳሜም እዚያው ነበሩ። ከቆምሁበት ሃያ ሰባት መስክ ርቀው ብቻ።

በዚያው ሌሊት የጤና መኮንኑና እኔ ከጤና ጣቢያው ዘበኛ ጋር ዱላ ይዘን ወጣን። የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። ውርጩ ሣሩን ነጭ አልብሶት ነበር። ስንደርስ ልጁ እናቱን አያውቃቸውም። ጎረቤት ተጠርቶ ቃሬዛ ተበጀ፤ ጎሕ ሲቀድ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ኩዊኒን ከግሉኮስ ጋር ተሰጠው። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀመጥሁ፤ ሙያዬ ግን እዚያ ምንም አይፈይድም ነበር። ረቡዕ ማታ ዐይኑን ገለጠና ውኃ ጠየቀ። እናቱ ወደ ውጭ ወጥተው አለቀሱ። እኔም በሌላው በር ወጣሁ።

*

ዐርብ መምህራችን ከጎንደር ለጉብኝት መጡ። እንደ ደንቡ ሳምንቱን እያንዳንዳችን ዘገብን። የገበያውን ትርኢት አስቀድሜ ላወራላቸው አስቤ የነበርሁት ሰው፣ ስለ ሃያ ሦስተኛው መስተዋት ተናገርሁ። ሃያ መስክ ብቻ አይቼ እንደጻፍሁ፣ የቸኮልሁትም ለገበያው እንደሆነ፣ አንድም ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ይልቁን ሁላችንንም እያዩ ስለ 1958 ነገሩን።

እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ብዙም ወደማትደርስባቸው ከፍተኛ አገሮች፣ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ድረስ፣ ወጥታ ነበር። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ሕዝቡ በሽታውን ለምዶ አልተቋቋመውምና እንደ ክረምት ጎርፍ ጠረገው። «በሽታ መጽሐፍ አያነብም» አሉ መምህራችን፤ «በዚህ ከፍታ እንዳይገኝ የተጻፈ መሆኑን አያውቅም።» ቀጥለውም ስለ ላቬራን አወጉን። ሻርል አልፎንስ ላቬራን ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 በአልጄሪያ፣ በኮንስታንቲን ከተማ፣ በአንድ ሕመምተኛ ወታደር ደም ውስጥ የወባን ጥገኛ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ትልልቆቹ ሊቃውንት ለዓመታት አላመኑትም፤ እርሱ ግን ደጋግሞ ማየቱን አልተወም። የኖቤልን ሽልማት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው።

«የእርሱ ማይክሮስኮፕ ከእናንተ የተሻለ አልነበረም» አሉን። «ከእናንተ የሚበልጠው አለመቸኮሉ ነው።» ከዚያም ወደ አካባቢ ጤና ተማሪዋ ዞረው «የዚህ ሳምንት የላቦራቶሪ ውጤት ያንቺ ነው» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጉድጓድ ቆጣሪዋ» የሚል ቀልድ ከመካከላችን ጠፋ።

ለመምህሬና ለጓደኞቼ ተናገርሁ። ለእናቱ ግን አልተናገርሁም። ልጁ ድኖ ሊወጣ ሲል የተቆላ ገብስና አሥር እንቁላል በሰፌድ ይዘው መጡ። «አንተ ነህ ያገኘኸው አሉኝ፤ ዐይንህን አይንሣህ» ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ሲያጎነብሱ ያዝኋቸው። አፌን ከፍቼ ነበር። «እማማ፣ ቅዳሜ ላገኘው ይገባኝ ነበር» የሚል ዐረፍተ ነገር ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ዙሪያችን ሰው አለ፤ ሁሉም ደስ ብሎታል፤ እኔም ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። እንቁላሉን ተቀበልሁ። ከሕይወቴ ስጦታዎች ሁሉ እንደዚያ የከበደኝ የለም።

*

ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ። ሙያዬ ያው ነው። ከተማ ውስጥ፣ የማይጠፋ መብራት ባለው ማይክሮስኮፕ እሠራለሁ። አልፎ አልፎ ተማሪዎች የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጁ ይጋብዙኛል፤ እሄዳለሁም። የሠሩትን መሣሪያ ሲያሳዩኝ ዐይናቸው ውስጥ ያንን የአንገረብ ውኃ አየዋለሁ። ይህ ደስታ ከትምህርት በላይ ነው፤ ያለ እርሱ ማንም መቶ መስክ የመቁጠር ትዕግሥት አያገኝም። ስለዚህ የገበያውን ቅዳሜ አልረግመውም። ቅማሏን ያዩ ልጆች ስንቱ ልብሱን እንደቀቀለ እግዚአብሔር ያውቃል።

ነገር ግን ለወጣቶቹ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። ማሳየት ደስ ይላል፤ የሚያሳየው ሰው ግን ተመልካቾቹ ሲበተኑም፣ ሲመሽም፣ ማንም ሳያየው፣ ሃያ አንደኛውን መስክ ማየት አለበት። ደግሞም ሌንሱ የማያሳየው ነገር አለ፤ እርሱን የሚያውቁት በምድጃ ዳር የተቀመጡ እናት ናቸው። ገብቶ ኮረፌያቸውን ያልጠጣ ሰው አይነግሩትም።

መሪጌታው ጠይቀውኝ የሳቅሁበትን ጥያቄ አሁን እመልሰዋለሁ፦ አልፈርድም፤ «አላየሁም» እላለሁ እንጂ «የለም» አልልም። ልዩነቱን ለመማር አንድ ልጅ ሊሞትብኝ ነበር።

በምንሠራበት የምርመራ ቅጽ ላይ ስም አለ፤ ዕድሜ አለ፤ ጾታ አለ፤ የምርመራው ዓይነት አለ። እኔ ትኩሳት ያለበት ሰው ሲላክልኝ ከቅጹ ኅዳግ ላይ በብዕሬ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ «ከየት ነው የመጡት?» ወጣት ባልደረቦቼ መጀመሪያ ላይ ይገረሙ ነበር። አሁን እነርሱም ይጽፉታል። ለምን እንደምጽፈው ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም ነበር። እማማ፣ በሕይወት ካሉ፣ ለእርስዎ ነው።